ከሱዳን የተመለሰው ሰው ልብስ

ይህን ምልልስ ኦምዱርማን ላይ፣ በ2015 ዓ.ም. ጥር አስቀምጬዋለሁ፤ ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን ከመነሳቱ በፊት በነበረችው ከተማ። አጎት እዚያው ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። የእህቱ ልጅ አዲስ አበባ በተከታታይ ድራማዎች ቀረጻ ላይ በኮንቲኒዩቲ ሥራ የኖረች ናት፤ ለጥየቃ መጥታለች። ልጅቱ የአጎት ልጅ ስትሆን ኦምዱርማን ተወልዳ ያደገች ናት። ከአገር ቤት በሳተላይት የሚመጣ የአንድ ሲትኮም ክፍል አሁን አልቋል።

አጎት፦ አየሽው? በሩ ላይ ቆሞ ሲያወራ ብርጭቆው ሙሉ ነበር። ካሜራው ወደ ሚስቱ ዞሮ ሲመለስ ግማሽ ደርሷል። ሰውዬው ግን ወደ አፉ አላስጠጋውም፤ ወሬውንም አላቋረጠም።

የእህት ልጅ፦ አይቼዋለሁ ጋሼ። ሚስትየዋም ነጠላዋን በግራ ትከሻዋ ጥላ ነበር የተቀመጠችው፤ ቡናውን ስትቀዳ ወደ ቀኝ ዞሯል።

አጎት፦ እኔ የተማሪ ደብተር ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዓይኔ ስህተት ላይ ነው የሚያርፈው። ይሄን ያህል ሰው ተሰብስቦ፣ ይሄን ያህል ገንዘብ ወጥቶ፣ አንዲት ብርጭቆ የሚጠብቅ ሰው እንዴት ይጠፋል?

የእህት ልጅ፦ የእኔ ሥራ እሱ ነው። ማን በየትኛው እጁ ምን እንደያዘ፣ ቁልፉ ስንተኛው ላይ እንደተቆለፈ፣ ሻማው ምን ያህል እንደነደደ እጽፋለሁ፤ ፎቶ አነሳለሁ። ግን ብርጭቆው ለምን እንደሚጎድል ልንገርዎ። አንድ ሲን አንዴ ተቀርጾ አያልቅም። መጀመሪያ ሁሉም ሰው በሚታይበት ሰፊ ሾት ይቀረጻል፤ ከዚያ ካሜራው ይነሳና በባልየው ላይ ብቻ፣ ቀጥሎ በሚስትየዋ ላይ ብቻ ያው ንግግር ይደገማል፤ እያንዳንዱን ድግግሞሽ ቴክ እንለዋለን። በመሃል መብራት ይሄዳል፣ የጎረቤት ሙዚቃ ይከፈታል፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ይመታል፤ እስኪያልፍ እንጠብቃለን። ተዋናዩ በሁለተኛው ቴክ አንዴ ተጎንጭቶ ይሆናል፤ በአምስተኛው ሦስቴ። ኤዲተሩ ጥያቄውን ከአምስተኛው፣ መልሱን ከሁለተኛው ሲወስድ ውሃው በዓይንዎ ፊት ይጎድላል ወይም ይሞላል።

አጎት፦ ፈረንጆቹስ እንዴት ያደርጉታል?

የእህት ልጅ፦ እነሱም ይሳሳታሉ፤ ግን ሲትኮም ላይ አንድ መላ ቀድመው አግኝተዋል። «አይ ላቭ ሉሲ» እ.ኤ.አ. በ1951 ሲጀመር ተመልካች ፊት እንደ ቴአትር እየተሠራ በሦስት ካሜራ በአንድ ጊዜ ይቀረጽ ነበር። ሦስቱም ካሜራ የሚያየው ያንኑ ብርጭቆ በዚያችው ቅጽበት ነው፤ ስለዚህ ሾቶቹ ሲጋጠሙ አይጣሉም። እኔ የሠራሁባቸው ቀረጻዎች አብዛኞቹ ሰው በሚኖርበት ቤት፣ በአንድ ወይም በሁለት ካሜራ ናቸው። የሳሎኑ ሲኖች በሙሉ፣ የመጀመሪያውም ክፍል የስድስተኛውም፣ ቤቱ የተከራየበት ቀን ሳያልቅ በአንድ ላይ ይቀረጻሉ። ተዋናይዋ ጠዋት አግብታ ከሰዓት ገና ልጃገረድ ልትሆን ትችላለች።

አጎት፦ እሺ፣ ኤዲተሩስ? እሱ ቁጭ ብሎ፣ አየር ማቀዝቀዣ ከፍቶ አይደለም እንዴ የሚሠራው? ብርጭቆውን አያይም?

የእህት ልጅ፦ ያያል። አይቶ ነው የሚያልፈው። «አፖካሊፕስ ናው»ን ከቆረጡት አንዱ ዋልተር መርች ስለ ኤዲቲንግ በጻፈው መጽሐፍ የአንድ ቆረጣ ጥራት በምን እንደሚመዘን ከመቶ አካፍሎ አስቀምጧል። ስሜት 51፣ ታሪክ 23፣ ምት 10 ይሰጣቸዋል፤ ሰውና ዕቃ በቦታው መሆኑ 4 ብቻ ነው የሚደርሰው። የሚጋጩ ከሆነ ከታች ያለው ይሰዋ ይላል። ባልየው በአምስተኛው ቴክ ላይ እውነተኛ ድንጋጤ ደንግጦ ከሆነ እኔም ብሆን ያንን ነው የምመርጠው። ሰው የሚስቀው በፊቱ ነው፤ ብርጭቆውን የሚያዩት እርስዎና እኔ ነን።

አጎት፦ ይሄ ለእኔ ሰበብ ነው። ፊደል የገደፈ ተማሪ «ሐሳቤን ግን ተረድተውኛል» ሲለኝ ነጥብ ሰጥቼው አላውቅም።

የእህት ልጅ፦ እኔ የምምረውና የማልምረው አለ ጋሼ። ብርጭቆውን እምራለሁ። የሰው ዕድሜ፣ የልጆቹን ቁጥር፣ የሞተና ያልሞተ ዘመድ መርሳትን ግን አልምርም። ሲትኮም ላይ ደግሞ ከሌላው ድራማ ይብሳል።

አጎት፦ ለምን ይብሳል? ለሳቅ የተሠራ ነገር አይደለም?

የእህት ልጅ፦ ለሳቅ ስለተሠራ ነው! «ቤቶች»ን ያስቡ፤ ጥላሁን ጉግሳ ያዘጋጀውን። ሰው ያንን ቤተሰብ እንደ ጎረቤት ነው የለመደው። ሲትኮም የሚያስቀን ሰዎቹን ስለምናውቃቸው ነው። ስስታሙ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ገና ምንም ሳይናገር እንስቃለን፤ ባለፈው ሳምንት፣ ባለፈው ዓመት ምን እንዳደረገ እናስታውሳለንና። የሲትኮም ሀብቱ የተመልካች ትዝታ ነው። ጸሐፊው ረስቶ፣ አባቴ ሳላውቀው ነው የሞተው ያለውን ሰው በኋላ «አባዬ እኮ እንዲህ ይል ነበር» ቢያሰኘው፣ ያንን ሰው ለዓመት የተከተለችው እናት ሶፋዋ ላይ ሆና ትደናገራለች። ትዝታዋ ጥቅም እንደሌለው ተነገራት ማለት ነው። ቀጥሎ ለሚመጣው ቀልድ ከልቧ አትዘጋጅም።

አጎት፦ ይሄኛው ገብቶኛል።

የእህት ልጅ፦ በዓለም ዝነኛ የሆኑትም አላመለጡም። «ፍሬንድስ» እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2004 ሲታይ ሮስ የሚባለው ገጸ ባሕርይ በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም፣ በአምስተኛውም ምዕራፍ ዕድሜዬ 29 ነው ይላል። የሞኒካ አፓርታማ መጀመሪያ ቁጥሩ 5 ነበር፤ ፎቁ ላይ ያለ ቤት 5 ሊሆን እንደማይችል ሲገነዘቡ 20 አደረጉት። ይህ ቀላሉ ነው። «ማሽ»ን ይዩ፤ በኮርያ ጦርነት ስላለ የጦር ሆስፒታል የተሠራውን። የኮርያ ጦርነት የተካሄደው እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1950 እስከ ሐምሌ 1953 ነው፤ ድራማው ግን 11 ምዕራፍ ሄደ፣ ከ1972 እስከ 1983።

አጎት፦ የእኛ ቃኘው ሻለቃ የዘመተበት ጦርነት? በ1943 ዓ.ም. ነው ከአዲስ አበባ የተነሱት።

የእህት ልጅ፦ እሱው። ከሦስት ዓመት ብዙም ያላለፈ ጦርነት አሥራ አንድ ዓመት ሲታይ ቀኖቹ መደራረባቸው አይቀርም። ኮሎኔል ፖተር የሚባለው አዛዥ ወደ ሆስፒታሉ የሚመጣው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1952 ነው። በኋላ የተሠራ አንድ ክፍል ግን የ1951ን ዓመት ከአዲስ ዓመት እስከ አዲስ ዓመት ሲያሳይ ፖተር እዚያው አለ። ኮርያ ዘምቶ የተመለሰ አንድ ሽማግሌ ይህን ቢያይ እንዴት ይሆናል ብዬ አስባለሁ። እሱ የኖረው ወር በወር፣ ኮረብታ በኮረብታ ነው።

አጎት፦ የማይቃና ነገር ነው እንግዲህ።

የእህት ልጅ፦ የሚቃናም አለ፤ ይሄኛውን ስለምወደው ልንገርዎ። «ቺርስ» በሚባለው ሲትኮም ፍሬዘር የተባለው የአእምሮ ሐኪም አባቱ ሳይንቲስት እንደነበርና እንደሞተ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1993 ለፍሬዘር የራሱ ሲትኮም ሲሠራለት አባቱ በሕይወት አለ፤ ያውም ጡረታ የወጣ ፖሊስ። ጸሐፊዎቹ ዝም ብለው ሊያልፉት ይችሉ ነበር። በ1995 ግን የድሮ ወዳጁን እንግዳ አድርገው አመጡትና እዚያው አባትየው ፊት «ሞቷል ብለኸኝ አልነበር?» አስባሉት። ፍሬዘርም ያኔ ከአባቴ ተጣልቼ ነበር አለ። አዩ? ስህተቱ ስለ ልጅና አባት ቅሬታ የሚናገር ሆነ። ይህን ማድረግ የሚችለው ግን የድሮውን የሚያስታውስና ተመልካቹም እንደሚያስታውስ የሚያምን ጸሐፊ ብቻ ነው።

አጎት፦ የእኛዎቹ ለምን ይረሳሉ?

የእህት ልጅ፦ የሚጽፈው ሰው ይቀያየራል፤ መዝገብ የለም። እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የት ተወለደ፣ ስንት ልጅ አለው፣ ከማን ተጣልቶ ነበር የሚል አንድ ደብተር ቢኖር አዲሱ ጸሐፊ አንብቦ ይገባ ነበር። ተዋናዩ ሌላ ሦስት ሥራ ይዟል፤ ለአንዱ ፂሙን ያሳድጋል፣ ለሌላው ይላጫል፣ እኛ ጋ ሲመጣ ትናንት ከነፂሙ የወጣበትን በር ዛሬ ተላጭቶ ያልፈዋል። አንዳንዱ ክፍያ ሳይስማማ ይቀርና ገጸ ባሕርይው «አሜሪካ ሄዷል» ይባላል። ድሮ ይሄ ሁሉ አንዴ ታይቶ ያልፍ ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ለብዙ ዓመታት ድራማ ያመለጠው ሰው አመለጠው ነው። ዛሬ ሁሉም ክፍል ዩቲዩብ ላይ ተደርድሮ አለ። ሰው ያቆመዋል፣ ይመልሰዋል፣ የዛሬውን ከአምና ያስተያያል።

ልጅቱ፦ እታለም፣ እኔም አንድ ነገር አይቻለሁ። ሰዎቹ በጾም ይበላሉ። ባለፈው ዓመት በሁዳዴ ክትፎ ሲበሉ እናቴ ቴሌቪዥኑን ልታጠፋው ነበር።

የእህት ልጅ፦ እሱ ብዙ ጊዜ የጸሐፊው ስህተት አይደለም። ክፍሉ ከወራት በፊት ተቀርጿል፤ የሚተላለፍበት ቀን ሲገፋ ጥቅምት ላይ የተበላው ክትፎ ሁዳዴ ላይ ይወድቃል። ግን ታሪኩ ራሱ «ዛሬ ረቡዕ ነው» እያለ ዶሮ ወጥ ሲቀርብ አይቻለሁ፤ ያ ስህተት ነው። የተገላቢጦሹም አለ። ከፋሲካ በኋላ ባለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ በዚያ ወቅት ሽሮ እየበሉ «ጾም ነው» የሚሉ ሃይማኖተኛ እናት የጻፈ ሰው አንድ ካህን ወይም የገዛ እናቱን አልጠየቀም ማለት ነው።

አጎት፦ ሰዓቱስ? እኔ የማልለቀው እሱን ነው። ባለፈው አንዱ ከአዲስ አበባ ካርቱም ሲደውል ማታ 2 ሰዓት ነው ይላል፤ ካርቱም ያለውም የግድግዳ ሰዓቱ ያው 2 ላይ ነው።

የእህት ልጅ፦ የግድግዳ ሰዓት የእኛ ጠላት ነው። ቀረጻ ሲጀመር ባትሪውን አውጥተን እናቆመዋለን፤ ካልሆነ በአንድ ውይይት መሃል ሁለት ሰዓት ይሄዳል።

አጎት፦ እሱን አይደለም የምለው። ሱዳን እኮ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 2017 ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደኋላ መልሳለች። ከዚያ በፊት ከአገር ቤት ጋር አንድ ነበርን። አሁን እዚያ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን እዚህ 1 ሰዓት ነው፤ ከቤት ወጥተሽ የሱዳኑን ሰው ብትጠይቂው ደግሞ 7 ይልሻል። ይቺ ልጅ በሁለት አቆጣጠርና በሁለት ሰዓት መካከል ነው ያደገችው። ለእህቴ የምትደውልላት አስልታ ነው።

የእህት ልጅ፦ ይሄን አላውቅም ነበር። ጸሐፊውም አያውቅም። ታሪኩ ያለፈ ዘመን ሲሆን የሚብሰው ለዚህ ነው። የ200 ብር ኖት የወጣው መስከረም 2013 ዓ.ም. ነው፤ የ1997ን ምርጫ በሚያሳይ ሲን ላይ ሰው 200 ብር ሲቆጥር ካየን ታሪኩ ወደቀ። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው መስከረም 2008 ነው፤ በኢሕአዴግ መጀመሪያ ዘመን የሚሆን ታሪክ መንገድ ላይ ቀርጸው ከተዋናዩ ጀርባ የባቡሩ ድልድይ ይታያል። ድልድይ ማፍረስ አይቻልም፤ ካሜራ ማዞር ግን ይቻላል።

አጎት፦ የፋናው «ምን ልታዘዝ»ም ትዝ ይለኛል፤ ያ ካፌ ውስጥ የሚካሄደው። የሳምንቱን ፖለቲካ ይነካ ስለነበር ዛሬ ላይ ደግሞ ሲያዩት መቼ እንደተባለ ማወቅ አለብሽ፤ ካላወቅሽ ቀልዱ ያመልጥሻል።

የእህት ልጅ፦ እሱ የዘመኑ ቀልድ ነው፤ ስህተት አይባልም።

ልጅቱ፦ የዛሬውን ስህተት ግን አልተናገራችሁም።

አጎት፦ የቱን?

ልጅቱ፦ ከሱዳን የመጣውን ሰውዬ። የባልየውን ወንድም። ለምንድነው እንደ ሳዑዲ ሰው የለበሰው?

የእህት ልጅ፦ ልብሱን እኔም አይቼዋለሁ፤ ሦስቱም ሲን ላይ አንድ ዓይነት ነበር። ልብሱን የተቆጣጠረው ሰው ጎበዝ ነው፤ የራሱ መሸፈኛ እጥፋቱ እንኳ አልተለወጠም።

ልጅቱ፦ አንድ ዓይነት ነው፤ ግን ሱዳን ውስጥ እንደዚያ የለበሰ ሰው የለም! ራሱ ላይ ያንን ጨርቅና ጥቁር ገመድ አድርጓል። እዚህ ወንዶቹ ሰፊ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ረጅም ነጭ ጥምጥም ነው የሚጠመጥሙት፤ እማ ይባላል። ለሚስትየዋ ያመጣላት ስጦታም ጥቁር አባያ ነው። ከኦምዱርማን የሚሄድ ሰው ቶብ ነው የሚገዛው! አራት ሜትር ተኩል የሚሆን፣ ከእግር እስከ ራስ የሚጠመጠም፣ ባለቀለም። እናቴ ለአክስቴ የላከችው ያንን ነው።

አጎት፦ ልክ ናት። ቡናውንስ አየሽ? በወርቃማ ደላ ቀዳላቸው፤ «የሱዳን ቡና» ብሎ። ሱዳን እኮ ቡና በጀበና ነው የሚፈላው። ስሙም ጀበና ነው፤ ዝንጅብል ይጨመርበታል። እኛን ከሱዳኖች ጋር አንድ ከሚያደርጉን ነገሮች አንዱን ወስደው ከባሕር ማዶ በመጣ ዕቃ ተኩት።

ልጅቱ፦ አነጋገሩም የሱዳን አይደለም። አንዴም «ያ ዞል» አላለም። ደግሞ በአውሮፕላን መተማ ወረድኩ አለ።

አጎት፦ ያንን ስሰማ ድራማውን መከታተል አቆምኩ። ከኦምዱርማን ድልድዩን ተሻግረሽ ካርቱም፣ ከዚያ ዋድ መዳኒ፣ ገዳሪፍ፣ ገላባት፤ ገላባት ላይ ትንሿን ድልድይ በእግርሽ ትሻገሪና መተማ ዮሐንስ ነሽ። ከዚያ ጎንደር። በዚህ መንገድ ስንት ሰው ነው የመጣው! በደርግ ዘመን ሌሊት ሌሊት በእግሩ የመጣ አለ፤ ዛሬም የሚመጣ አለ። ያ መንገድ የብዙ ቤተሰብ ታሪክ ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር አውሮፕላን አደረጉት።

የእህት ልጅ፦ እኔ እዚያ ቀረጻ ላይ ብኖር ኖሮ ሦስቱን ሲን አይቼ «ልብሱ ልክ ነው» ብዬ እፈርም ነበር፤ የእኛ ሥራ ልብሱ ከሲን ሲን እንዳይለወጥ ማየት ነውና። የሰውዬው ልብስ ልክ መሆኑን የሚጠይቅ ሰው ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ኮስቲዩሙ ያገኘውን ያመጣል፤ ጸሐፊው «ከዓረብ አገር የመጣ» ብሎ ጽፎለታል፤ ዓረብ አገር ደግሞ ለብዙ ሰው ዱባይና ጂዳ ነው።

ልጅቱ፦ ትምህርት ቤት ያሉት ሱዳናውያን ጓደኞቼ ቪዲዮውን አሳይኝ ይሉኛል፤ ኢትዮጵያውያን ስለ እኛ ምን ይላሉ እያሉ። ይሄንን ላሳያቸው አልችልም።

አጎት፦ ይቺ ናት ነገሯ። እ.ኤ.አ. በ2018 ረመዳን ላይ እዚህ አገር የሆነውን ታስታውሻለሽ? አንቺ ልጅ ነበርሽ። «ዐዝሚ ወ አሽጋን» የሚባል የግብፅ ኮሜዲና «ብሎክ ገሽመራ» የሚባል የኩዌት ኮሜዲ በዚያው አንድ ረመዳን ፊታቸውን ጥቁር ቀብተው ሱዳናውያንን ተጫወቱ። በኩዌቱ ሱዳናዊው ሰነፍ ነው፤ ከመተኛት በቀር ሥራ የለውም። ሱዳናውያን ምን ያህል እንደተቆጡ አይቻለሁ፤ ስድቡ ሳሎናቸው ድረስ በኢፍጣር ሰዓት ነው የገባው። በዚያው ሰሞን ሲትኮም ያልሆነ «አቡ ዑመር አል-መስሪ» የሚባል የግብፅ ድራማ ሱዳንን የአሸባሪ መናኸሪያ አስመስሏል ተብሎ የሱዳን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የግብፅን አምባሳደር ጠርቶ ተቃውሞውን ነገረው። በድራማ የተነሳ አምባሳደር ይጠራል!

የእህት ልጅ፦ እኛም ደርሶብናል። «ሳውዝ ፓርክ» የሚባለው የአሜሪካ የካርቱን ሲትኮም እ.ኤ.አ. በ1997 አንድ የተራበ ኢትዮጵያዊ ልጅ አምጥቶ ምላሱን እያንቋቋ እንዲናገር አደረገው። እንዲያ ያለ ድምፅ ያላቸው ቋንቋዎች በብዛት የሚነገሩት በደቡብ አፍሪካ አካባቢ ነው፤ ከኢትዮጵያ ቋንቋዎች አንዱም የለበትም። ጸሐፊዎቹ በአሜሪካውያን ቸልተኝነት ላይ ሊሳለቁ ነው የጻፉት ይባላል፤ ሊሆን ይችላል። ግን ልጁ የመጣበትን አገር ቋንቋ ለመስማት እንኳ አልደከሙም። ዋሽንግተን አንድ ታክሲ ቢሳፈሩ ይሰሙት ነበር።

አጎት፦ እንግዲህ በእኛ ላይ ሲሆን ያመናል፤ እኛ በሌላው ላይ ስናደርግ «ኮሜዲ ነው» እንላለን። ከአገራችን ሳንወጣም ይሄው ነው። ሲትኮሞቹ ውስጥ «የባላገር» አነጋገር የሚሉት አንድ ነገር አላቸው፤ ግማሹ ጎጃም፣ ግማሹ ወሎ፣ ሲላቸው ሸዋ። እኔ ጎንደር ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ያ ሰው ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ ልነግርሽ አልችልም። በሦስተኛው ክፍል ላይ ደግሞ እንደ ቦሌ ልጅ ይናገራል። ኦሮሞው፣ ጉራጌው፣ ትግሬው አማርኛ ሲናገር ቃል መሳቱን ብቻ ቀልድ ያደርጉታል። እሱ በቋንቋው ሲናገር ምን ያህል ቀልደኛ እንደሆነ ማን አሳየን?

የእህት ልጅ፦ ዘዬ ላይ መሥራት ጊዜ ይጠይቃል፤ ተዋናዩ ከአንድ የአገሩ ሰው ጋር ለሳምንት መቀመጥ አለበት። ይህን የሚያደርጉ ተዋንያን አሉ፤ ከፊታቸው ይታወቃል። በጀቱ ግን ለዚያ አልተያዘለትም።

አጎት፦ በጀት አትበይኝ። ልብሱን ለማወቅ ስንት ብር ይፈጃል? ካርቱም የደረሰ የአንድ ሰው ሠርግ ፎቶ ማየት ነው። ይቺ ከተማ እኮ የተደበቀች አይደለችም። የሱዳን ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1940 ሥራ ሲጀምር «ሁና ኦምዱርማን» እያለ፣ እዚህ ኦምዱርማን ነው እያለ ነው የከተማይቱን ስም በዓለም ያሰማው። ቴሌቪዥናቸውም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ ነው የቆመው። ሰዎቹ እንዴት እንደሚለብሱ፣ እንዴት እንደሚያወሩ በየማታው በሳተላይት ይታያል። አባይ እንኳ ከጣና ወጥቶ መጥቶ ከነጭ አባይ ጋር የሚገናኘው ከእኛው ፊት ለፊት ሞግረን ላይ ነው። ዓርብ ዓርብ ልጆቼን ይዤ ሄጄ አሳያቸዋለሁ፤ ይሄ ከአገራችን የመጣ ውሃ ነው እላቸዋለሁ። ከዚያ ማታ ቴሌቪዥኑን እንከፍታለን፤ የአገራቸው ሰው እነሱ የሚኖሩበትን ቦታ አያውቀውም።

የእህት ልጅ፦ ጋሼ፣ ቅድም ስህተቶቹን በብርጭቆና በዕድሜ ብቻ ነበር የከፈልኳቸው፤ አይበቃም። ብርጭቆው ሲጎድል የሚጎዳ ሰው የለም። ዕድሜው ሲሳሳት ተመልካቹ ይቀየማል፤ ጥሩ ጸሐፊ በሚቀጥለው ክፍል ሊክሰው ይችላል። ይሄኛው ግን በእውነት ያለ ሕዝብ ላይ የሚነገር ሐሰት ነው፤ በኤዲቲንግም በሚቀጥለው ክፍልም አይካስም። ድራማው ራሱ በራሱ አለመጋጨቱ አይበቃም፤ ከእነዚህ ሰዎች ኑሮ ጋርም መጋጨት የለበትም።

አጎት፦ ተመለሺና ንገሪያቸዋ።

የእህት ልጅ፦ እነግራቸዋለሁ። ሦስት ነገር ነው የምጠይቃቸው፤ ሁለቱ ምንም አይፈጁም። ለእያንዳንዱ ተከታታይ ድራማ የገጸ ባሕርያት መዝገብ ይኑር፤ አንድ ደብተርና አንድ ኃላፊ ይበቃዋል። ክፍያ ሲቀነስ የኮንቲኒዩቲ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚሰናበት አይሁን። ሦስተኛው፣ ጸሐፊው የማያውቀውን ሰው ሲጽፍ ስክሪፕቱን ለአንድ የዚያ አገር ሰው ያንብብለት፤ ገና ሳይቀረጽ፤ ከተቀረጸ በኋላማ ቤቱ ተከራይቷል፣ ልብሱ ተገዝቷል፣ ማንም አይለውጠውም።

ልጅቱ፦ እታለም፣ እኔ ላንብብላቸው? በቴሌግራም ይላኩልኝ። አማርኛም ዓረብኛም አነባለሁ።

የእህት ልጅ፦ ታነቢላቸዋለሽ። የሲትኮም ጸሐፊዎች ሆይ፣ ልመናዬ ይኸው ነው፦ ከሱዳን የተመለሰ ሰው ስትጽፉ ጠይቁ። ከመተማ እስከ ኦምዱርማን፣ ከገዳሪፍ እስከ ካርቱም ይህን ኑሮ የኖረ ኢትዮጵያዊ ሞልቷል፤ አዲስ አበባም ተመልሶ የሚኖር አለ። ስለ ጀለቢያው፣ ስለ ቶቡ፣ ስለ ጀበናው፣ ስለ መንገዱ በነጻ ይነግራችኋል። ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ደውሉለት።